የበዓል ውሃ

ወንዛችን በዓል ያከብር ነበር። በሥራ ቀን ቁርጭምጭሚት የማያልፈው ውሃ በማርያም፣ በሚካኤል፣ በመድኃኔ ዓለም ጠዋት ባት ድረስ ሞልቶ እናገኘዋለን። ምስጢር የለውም። ከጮቄ ተራራ ሥር ያሉት የላይኞቹ ሰዎች ወንዙን ጠልፈው ድንችና ነጭ ሽንኩርት ያጠጣሉ። በበዓል ቀን ግን መሬት መቆፈርም ሆነ ቦይ መክፈት ስለማይገባ፣ የመስኖውን ተራ የሚያስከብሩት የውሃ አባት በዋዜማው ማታ የቦዩን አፍ በድንጋይና በሣራማ አፈር ይደፍኑታል። ያን ጊዜ ወንዙ እንዳለ ወደ እኛ ይወርዳል። በበዓሉ ማግስት ጎሕ ሲቀድ ይከፍቱታል፤ ወንዙም መልሶ ይጎድላል። በእኛ ቀበሌ ይህ ውሃ «የበዓል ውሃ» ይባላል። ማንም አይፈራውም ነበር። እኔ ግን የበዓሉንም የሥራ ቀኑንም እፈራ ነበር።

ታላቅ እህቴን የወሰዳት ይኸው ወንዝ ነው። መሻገሪያው ላይ ልብስ ስታጥብ፣ በእኛ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ጮቄ ላይ የዘነበው ደራሽ ጎርፍ ሆኖ መጣባት። ጡት ያልጣለች ሴት ልጅ ነበረቻት። ልጅቷን እናቴ አሳደገቻት፤ እኔን «እታለም» እያለች አደገች።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው፤ ተድሬ፣ ትዳሩ ፈርሶ፣ ወደ እናቴ ቤት ከተመለስኩ በኋላ። ክፍል ውስጥ አግዳሚው ወንበር ለጉልበቴ አይበቃም ነበር። ልጆቹ «እትዬ ተማሪ» ይሉኛል፤ በክፋት አይደለም፣ ስሜን ብቻውን መጥራት ስለከበዳቸው ነው። ትምህርት ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነው። የእህቴ ልጅ ለትምህርት ስትደርስ እናቴ እንዲህ አለችኝ፦

«አንቺ ከሄድሽ እሷም ትሂድ። ግን ስሚኝ። ለዚያ ወንዝ አንዷን ሰጥቼዋለሁ፤ ይቺን አልሰጠውም። ውሃው ካላማረሽ ትመለሻለሽ። ፊደሉ የትም አይሄድም።»

ውሃው ካላማረሽ። ውሃ እንዴት እንደሚያምር፣ እንዴት እንደማያምር የነገረኝ ሰው ግን አልነበረም። እህቴም አይታው አምሯት ይሆናል የገባችበት። ስለዚህ በየጠዋቱ ልጅቷን በነጠላዬ አዝዬ፣ ደብተራችንን ጉያዬ ውስጥ ወትፌ፣ መሻገሪያው አፍ ላይ ቆሜ ውሃውን አያለሁ። ሌላው ተማሪ እየዘለለ ያልፈኛል። «እትዬ ተማሪ ውሃውን እያነበበች ነው» ይላሉ። አላነበብኩትም። እግሬ አልነሣ ብሎኝ ነው።

ጫጩቶቹን ያየኋቸው እንዲያ ቆሜ ነው። መጀመሪያ ዓሣ መሆናቸውንም አላወቅሁም። ከገብስ ፍሬ እምብዛም አይበልጡም፤ ጀርባቸው የጠጠሩን መልክ የያዘ ነው፤ ዓይናቸው ብቻ ጎልቶ ይታያል። ለእናቴ ስነግራት «የጓጉንቸር ልጅ ነው። ነገ እግር አውጥቶ ይስቅብሻል» አለችኝ። ቆየሁ፣ እግር አላወጡም። በእኛ አካባቢ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው የለም፤ ስለዚህ ዓሣ የሚያይም ሰው የለም።

በመሻገሪያው መሃል፣ ከእምብርቱ ላይ፣ አንድ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ አለ። ውሃው ድንጋዩ ላይ ተከፍሎ ከኋላው ይረጋል። ጫጩቶቹ በሥራ ቀን እዚያ ናቸው፤ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ላይ፣ ውሃው ወደሚመጣበት አዙረው፣ ጅራታቸውን ብቻ እያንቀጠቀጡ ባሉበት ይቆማሉ። በበዓል ጠዋት ግን ቦታቸውን ይለቃሉ። ውሃው ቀስ ብሎ ሞልቶ የዳሩን ሣር ሲያለብሰው እነሱም ተከትለውት ይወጣሉ፤ ሣሩ ውስጥ ተበትነው ውሃው ያነሣውን ትንኝና ትል ይለቅማሉ። ያን ቀን ምንም የሚፈሩ አይመስሉም። ልጅ በበዓል ቀን ሜዳ ላይ እንደሚሆነው ናቸው።

ማግስቱ ነው ክፉው። የውሃ አባት ቦዩን ባንዴ ስለሚከፍቱት ወንዙ ባንዴ ይጎድላል። ተለቅ ተለቅ ያሉት ቀድመው ይመለሳሉ። ትንንሾቹ ከብት በረገጠው ኮቴ ውስጥ፣ ጉርሻ በምታህል ውሃ ይቀራሉ። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ያቺም ትደርቃለች። ልጅቷ ከጀርባዬ ወርዳ በእፍኟ እየጠለቀች ትመልሳቸው ነበር። እኔ ደግሞ «ይረፍድብናል፣ ይረፍድብናል» እላለሁ፤ እላለሁ እንጂ አብሬያት እጠልቃለሁ።

ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት እንዲህ አይቻቸው አንድ ነገር ታዘብኩ። በዓል በመጣ ቁጥር ወደ ሣሩ የሚወጡት እያነሱ ሄዱ። ውሃው ሲሞላ ዳር ድረስ ይመጣሉ፣ ግን ጠልቀው አይገቡም። ተምረው ነው? ወይስ ደፋሮቹ አልቀው ፈሪዎቹ ብቻ ስለቀሩ ነው? ይህን ለይቼ አላውቅም። ከዓመታት በኋላ ደብረ ማርቆስ ለመምህርነት ስማር፣ የዓሣ ጫጩት ኃይለኛ ውሃ መቋቋም እንደማይችልና ረጋ ወዳለው ዳር እንደሚሸሽ፣ ውሃው በድንገት ሲጎድል ደግሞ በዚያው በዳሩ እንደሚቀር አንድ መጽሐፍ ላይ አነበብኩ። በጥቂት መስመር ነው ያለፈው። የእኔን ጥያቄ አልመለሰውም። አሁንም ቢሆን ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ብባል አልመርጥም።

ስለ ማግስቱ ውሃ የውሃ አባትን ራሳቸውን ጠይቄያቸዋለሁ። ሮብ ገበያ ድንች ዘርግተው ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አባባ፣ በበዓል ማግስት ቦዩን ሲከፍቱ ቀስ ብለው ቢከፍቱት?»

«ለምን? ደግሞ ማን ከሰሰኝ?»

«ማንም። ውሃው ባንዴ ሲሸሽ የዓሣ ጫጩቶች ሣር ላይ ይቀራሉ።»

ድንች ከሚመዝኑበት ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ አጠገባቸው ወዳለው ሰው ዞረው «ሰማህልኝ? ባለ ድንቹ ተራዬ፣ ባለ ሽንኩርቱ ተራዬ፣ ባለ ጌሾው ተራዬ ሲለኝ ነው የሚውል። አሁን ደግሞ ለዓሣ ተራ ልስጥ!» ብለው ሳቁ። እኔም አቀርቅሬ ልሄድ ስል አስቆሙኝ።

«ያቺ ወንዝ ትፈራለች የሚሏት ትልቋ ተማሪ አንቺ ነሽ?»

ነጠላዬን እስከ አፌ ሳብኩት።

«አትፍሪ ልጄ። በበዓል ቀን የሞላ ውሃ የእኔ ነው። እኔ የለቀቅሁት ውሃ ሰው ወስዶ አያውቅም።»

ይህን ለእናቴ ስነግራት ደስ አላት። ለጎረቤት ነገረች፤ ጎረቤትም የሚያውቀው ነገር ነበርና አጸናው። ውሃ ሞልቶ ሲያይ የእኛ ሰው ሰማዩን አያይም፤ ቀኑን ነው የሚጠይቅ። «ዛሬ ማን ነው?» ይላል። «አቦ ነው» ከተባለ ልብሱን ሰብስቦ ይገባል። እኔም እንዲያ ለማድረግ ሞከርኩ። አልሆነልኝም፤ ምክንያቱም አንድ ጊዜ፣ ትምህርት በተከፈተ ሰሞን በመስከረም፣ ያየሁት ነገር ከዓይኔ አልጠፋ ብሎኝ ነበር።

ከመሻገሪያው ጎን፣ እኛ ባለንበት በኩል፣ ከወይራ ሥር ከሚፈልቅ ምንጭ የምትወርድ ቀጭን ቦይ አለች። ስፋቷ የእጅ መዳፍ ቢሆን ነው። በዚያ የመስከረም ጠዋት ጫጩቶቹ ከድንጋዩም ኋላ፣ ከሣሩም ውስጥ አልነበሩም። ሁሉም እዚያች ቦይ ውስጥ ነበሩ፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ፣ ራሳቸውን ወደ ምንጩ ቀስረው፣ ውሃው ጠቁሮ እስኪታይ። አይቼ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ቆሜ ስቀር ደራሹ መጣ። ያን ጊዜ ነገሩን ከነገሩ አላያያዝኩትም። ማታ ተኝቼ ነው የተያያዘልኝ። እንግዲህ አንድ ጊዜ የታየ ነገር ማስረጃ አይሆንም፤ ይህን ያኔም አውቅ ነበር። ሁለተኛ እንዳይመጣብኝ ግን በየጠዋቱ ወደዚያች ቦይ ሳልመለከት ወደ ውሃው ገብቼ አላውቅም።

ግንቦት ልደታ መጣ። ልደታ እኛ ዘንድ ከቤት ውጭ ነው የሚከበር፤ ከወንዙ ማዶ ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ሰፈሩ ሁሉ ንፍሮውንና ዳቦውን ይዞ ይሰበሰባል። እናቴ ንፍሮውን በእንቅብ ተሸክማለች። ጎረቤታችን፣ ሳቋ ከእሷ ቀድሞ የሚደርስ ሴት፣ ጠላውን በገንቦ አዝላ ከፊታችን ናት። እኔ ልጅቷን አዝያለሁ። በእኛ ላይ ፀሐይ ነው። ጮቄ ጉም ለብሷል፤ በግንቦት ጮቄ ጉም ቢለብስ ደግሞ ማን ልብ ይላል?

«የልደታ ውሃ!» አለች እናቴ ወንዙን ከሩቅ ስታየው። ሞልቷል። «ድንቹ ዛሬ ጾሙን ይዋል።»

ጎረቤታችን ቀድማ ገብታ ተሻገረች። እናቴም ቀሚሷን ሰብስባ፣ በአንድ እጇ እንቅቡን ደግፋ ገባች። እኔ ዳሩ ላይ ቆምኩ።

ሣሩን አየሁት። ውሃ አልብሶታል፤ እንደ በዓል ሁሉ ይወዛወዛል። ውስጡ ግን አንድም ጫጩት የለም። ጎንበስ ብዬ ደግሜ አየሁት። የለም። ከጥቁሩ ድንጋይ ኋላ ለማየት ተንጠራራሁ። ድንጋዩ ራሱ ጫፉ ብቻ ነው የቀረው።

«እትዬ ተማሪ!» አለች ጎረቤታችን ከማዶ። «ልደታ ነው ዛሬ፤ ፈተና የለም። ተሻገሪ!»

«እማዬ» አልኩ። «እማዬ፣ ጫጩቶቹ የሉም።»

እናቴ መሃል ደርሳ ነበር። ዞረች። «ታዲያ ምን ላድርግልሽ? ቆሜ ልጥራቸው?»

ጎረቤታችን ሳቋን ለቀቀችው። ያን ጊዜ ልጅቷ ከጀርባዬ እጇን አውጥታ በትከሻዬ ላይ ጠቆመች። «እታለም፣ እዚያ ናቸው።»

ወደ ቦይዋ ነው የምትጠቁመው። ማየት አልፈለግሁም። አየሁ። ቦይዋ ጠቁራለች። ከአፏ እስከ ወይራው ሥር ድረስ ጫጩት ተጠቅጥቆባታል፤ ቦታ ያጡት ከላይ ካሉት ጀርባ ላይ ይንሸራተታሉ፤ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ምንጩ አዙረዋል።

እኔ ዝምተኛ ነኝ፤ እናቴን ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናግሬያት አላውቅም። «ተመለሺ» ልበላት ወይስ «ሩጪ»? ከእምብርቱ ትንሽ አልፋለች። ወደ ማዶ ይቀርባታል። ይህን ለማስላት የፈጀሁትን ጊዜ እስካሁን ስፈራው እኖራለሁ።

«ሩጪ!» ብዬ ጮህኩ።

«ማንን ነው?» አለች በቁጣ፤ ቆመች። መሮጧ ቀርቶ ልትሰድበኝ ቆመች።

ከዚያ ጭራሮ መጣ። የደረቀ ቅጠል፣ የከብት እበት፣ ቢጫ አረፋ። በባቷ ሥር ሲያልፍ አቀርቅራ አየችው፤ ቀና ብላ ወደ ላይ አየች። እኔም ሰማሁት፤ ከኮረብታ ማዶ እንደሚፈጭ ወፍጮ ያለ ድምፅ ነው። እናቴ ወደ ማዶ አልሄደችም። ወደ እኛ አንድ እርምጃ ተመለሰች።

«ልጄን!»

«ይዣታለሁ! ሂጂ! ይዣታለሁ!» እያልኩ የኋሊት ወደ ዳገቱ ወጣሁ፤ ልጅቷ ከውሃው ስትርቅ እናቴ እንድታያት ነው። አየቻት መሰለኝ፤ ዞራ ሮጠች። እንቅቡ ከራሷ ወደቀ። ጎረቤታችን ገንቦዋን ጥላ እስከ ጉልበቷ ገብታ ጠበቀቻት፤ መቀነቷን በሁለት እጇ ይዛ ጎተተቻት። ሁለቱም ዳገቱ ላይ በደረታቸው ወደቁ። እግራቸው ከውሃው ገና እንደወጣ ደራሹ መሻገሪያውን ሞላው። ድንጋይ ከድንጋይ ሲላተም መሬቱ በእግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል። የጥድ ግንድ ከነሥሩ እየተገለባበጠ አለፈ። ከዚያ የሚታየው አፈር የመሰለ ውሃ ብቻ ነው።

በሁለቱ ዳር ቆመን ተያየን። እናቴ የምትለው አይሰማም። እጇን ታወናጭፋለች፤ ራቁ ማለቷ ነው። ራቅን። አሁንም ታወናጭፋለች። ደግሞ ራቅን። መልኳ እስኪጠፋን፣ ነጭ ልብሷ ብቻ እስኪቀር ድረስ ታወናጭፍ ነበር።

«ጫጩቶቹስ?» አለችኝ ልጅቷ።

ቦይዋም የለችም። ወይራው ግንዱ ድረስ ውሃ ይዞታል። እነሱ ቀድመው አውቀው፣ ያላቸውን አንድ መሸሸጊያ ይዘው፣ ውሃው እዚያም መጣባቸው። ያን ቀን ካየሁት ሁሉ በጣም ያስፈራኝ ይህ ነበር። ለልጅቷ ግን «ምንጩ ውስጥ ገብተዋል» አልኳት።

እናቴ ማዶ አድራ ውሃው ሲጎድል በማግስቱ መጣች። ስለ ዓሣም ስለ ጩኸቴም አላነሣችም። እሳቱ አጠገብ ተቀምጣ እርጥብ መቀነቷን እያሰጣች አንድ ነገር ብቻ አለች።

«ትምህርት ቀረ።»

«ለእሷ ነው ለእኔ?»

«ለሁለታችሁም።»

ፈሪ ስትለኝ የኖረች ሴት ከእኔ የባሰች ፈሪ ሆነች። የእኔን ፍርሃት የወሰደችልኝ መስሎኝ ነበር፤ ግን ለእኔም አልቀነሰልኝም። ልጅቷ ደጅ ስትወጣ ትጠራታለች። ውሃ ለመቅዳት ራሷ ትሄዳለች። የላይኞቹ የመስኖ ቦይ በደራሹ ተንዶ ነበርና የበዓልም የሥራም ቀን ውሃ አንድ ሆነ፤ የሚጠየቅ ቀን ጠፋ። እኔ ደግሞ፣ ያን ሁሉ ጠዋት ከመሻገሪያው ለመመለስ ሰበብ ስፈልግ የኖርኩት ሴት፣ ትምህርቱ ሲቀርብኝ እንቅልፍ አጣሁ። ካቋረጥኩ በዚያ ዕድሜዬ ተመልሼ እንደማልገባ አውቀዋለሁ። ልጅቷም ገና «ሀ ሁ»ን ጨርሳ ቃል መግጠም ጀምራ ነበር።

በየጠዋቱ ደብተር ሳልይዝ ወደ መሻገሪያው ወረድኩ። ስመለስ እናቴ ሳትጠይቀኝ እነግራታለሁ። «ዛሬ አንድም የለም፤ ውሃው ድፍርስ ነው።» በሌላው ቀን፣ «ቦይዋ ውስጥ ጥቂት አየሁ።» ተርፈው ነው ወይስ ከላይ አዲስ ወርደው? አላውቅም፤ አላውቅም ብዬ ነገርኳት። ከዚያ አንድ ጠዋት፣ «ከድንጋዩ ኋላ ተመልሰዋል» አልኳት።

«ዓሣ አምኜ ልጅ ልስጥ?» አለች።

«እመኛቸው አላልኩሽም። እነሱም ይሳሳቱ ይሆናል፤ እኔም ልሳሳት እችላለሁ። የት እንዳሉ ነው የምነግርሽ።»

«ዛሬ ማን ነው?»

«በዓል አይደለም። ቢሆንም አይጠቅምሽም።»

በማግስቱ እናቴ ልጅቷን ፊቷን አጥባ፣ ደብተሯን ሰጥታ፣ ከእኛ ጋር ወረደች። መሻገሪያው አፍ ላይ ሦስታችንም ቆምን። ከእኛ በቀር ሰው የለም። ውሃው ጠርቷል፤ ባት ቢደርስ ነው።

«የት ናቸው?» አለች እናቴ።

«ከድንጋዩ ኋላ። ፊታቸው ወደ ላይ ነው።»

«ሁሉም?»

«የማያቸው ሁሉ።»

ቀሚሷን ሰብስባ ቀድማን ገባች። አልተሻገረችም። ከእኛ በላይ፣ ውሃው በሚመጣበት በኩል፣ እግሮቿን ገጥማ ፊቷን ወደ ጮቄ አዙራ ቆመች። ውሃው እሷ ላይ ተከፍሎ ከኋላዋ ረጋ አለ። ልጅቷን አዝዬ በዚያች በረጋችው ቦታ አለፍኩ።

ማዶ ደርሼ ዞር ስል እናቴ ገና መሃል ነበረች። እኛን አታይም። አንገቷን አስግጋ ወደ ቦይዋ ታያለች።

«ምንም የለባትም» አለች። «ሂዱ፣ ይረፍድባችኋል።»